የቴምዝን ወንዝ ከሥሩ የሰረሰረው መሐንዲስ

ዛሬ በታላላቅ ከተሞች ሥር የባቡር መንገድ ሲዘረጋ አስቀድሞ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ግዙፉ መሰርሰሪያ መኪናም ክፍል በክፍል ወርዶ እታች ይገጣጠማል። እኛም የዚህን ሥራ መንገድ የጠረገውን የማርክ ኢዛምባር ብሩኔልን ታሪክ በዚህ እሑድ ልናቀርብ ወደድን።

ብሩኔል በ1769 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ተወለደ። በ1793 ከአብዮቱ ሸሽቶ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1799 ደግሞ ወደ እንግሊዝ ተሻገረና ሶፊያ ኪንግደምን አገባ። ለባሕር ኀይሉ የመርከብ ገመድ መዘውር የሚያበጁ መኪናዎች አቁሞ ስሙ ቢጠራም በገንዘብ ነገር ዕድለኛ አልነበረም። በ1821 በዕዳ ሲታሰር ባለቤቱ አብራው ወኅኒ ገባች፤ መንግሥት 5000 ፓውንድ ከፍሎ አስወጣው።

በዚያ ዘመን ሎንዶን የመርከብ ብዛት ያጨናነቃት ከተማ ነበረች። በቴምዝ ሥር ዋሻ ለመቆፈር የሞከሩ ሰዎች በ1808 ውሃ ገብቶባቸው ትተውታል። ብሩኔል ግን በ1818 አንድ የብረት ጋሻ ፈለሰፈ። አሳቡን ያገኘው የመርከብ እንጨት ከሚበላ ትል ነው ይባላል፤ ትሉ በፊቱ እየበላ የኋላውን ቀዳዳ ይለስናል።

በ1825 ሥራው በሮዘርሃይዝ ተጀመረ። እኛን ከጋሻው ይልቅ የሚያስደንቀን መውረጃው ጉድጓድ ነው። ሰው ግንብ የሚገነባው ሽቅብ እንዲቆም ነው፤ ብሩኔል ግን እንዲሰምጥ ገነባው። በስለታም የብረት ቀለበት ላይ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 42 ጫማ የሆነ ክብ የጡብ ግንብ አቆመ። ሠራተኞች ከውስጡ አፈሩን ባወጡ ቍጥር ግንቡ በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ መሬት ገባ።

ከዚያ 80 ቶን የሚመዝነው ጋሻ እታች ተገጠመ። አሥራ ሁለት የብረት ክፈፎች ጎን ለጎን ቆሙ፤ እያንዳንዱ ፎቅ በፎቅ ሦስት ክፍል ስላለው 36 ቆፋሪዎች ባንድ ጊዜ ይሠሩበታል። ቆፋሪው ከፊቱ ካሉት ሳንቃዎች አንዱን ብቻ ያነሣል፤ 4 ኢንች ተኩል ያህል ቆፍሮ ሳንቃውን መልሶ ያስደግፋል። ሁሉም ሲያልቅ ክፈፉ በጠመዝማዛ ብረት ይገፋል፤ ግንበኞች ከኋላ ጡብ ይደረድራሉ።

ነገር ግን ጋሻው ወንዙን ሁልጊዜ ሊከላከል አልቻለም። ከላይ የሚንጠባጠበው የከተማው ፍሳሽ ስለ ነበረ ሠራተኞች በሽታ ያዛቸው። በግንቦት 1827 ውሃው ሰብሮ ገባ፤ በጥር 1828 እንደገና ሲገባ ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ ሥራውን ይመራ የነበረው የ21 ዓመት ልጁ ኢዛምባርድ ለጥቂት ተረፈ። ገንዘብም አለቀ፤ ዋሻው ሰባት ዓመት ያህል ተዘግቶ ኖረ።

በ1835 መንግሥት ሲያበድር ብሩኔል 66 ዓመት ሊሆነው ነበር። አሮጌውን ጋሻ ነቅሎ 140 ቶን በሚመዝን አዲስ ጋሻ መተካት ነበረበት፤ ያውም ወንዙ ከራስ በላይ እየፈሰሰ። ይህ ከሁሉ የከፋው ዝግጅት በ1836 ተፈጸመ።

1300 ጫማ የሚረዝመው ዋሻ መጋቢት 25 ቀን 1843 ተከፈተ። የጋሪ መውረጃ የሚሠራበት ገንዘብ ስላልተገኘ ለእግረኛ ብቻ ሆነ፤ መግቢያውም አንድ ፔኒ ነበር። ብሩኔል በታኅሣሥ 1849 በ80 ዓመቱ ሞተ። ከ1869 ጀምሮ ባቡር ያልፍበታል፤ ዛሬም ያልፋል። የሰመጠውም ግንብ የሙዚየም ክፍል ሆኖ ጐብኚዎች ይወርዱበታል።