የወይዘሮ ርብቃ ነርስ ሕይወትና የመቃብራቸው ታሪክ



የዕድር ሥራ ሬሳ አንሥቶ አፈር በማልበስ ብቻ አያበቃም። የሟቹ ስም እንዳይጠፋ፣ መቃብሩንም ዳዋ እንዳይውጠው መጠበቅ ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ይህን በማሰብ ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥነው በአሜሪካ አገር ይኖሩ የነበሩትን፣ የቀብር ወግ የተነፈጉትን የወይዘሮ ርብቃ ነርስን ሕይወት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወይዘሮ ርብቃ የተወለዱት በእንግሊዝ አገር፣ ግሬት ያርመዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሲሆን ክርስትና የተነሡት በ1621 ነው። አባታቸው ዊልያም ታውን፣ እናታቸው ጆአና ይባላሉ። ቤተሰቡ በ1640 ገደማ ባሕር ተሻግሮ ማሳቹሴትስ ገባ። ያን ጊዜ እንግሊዞች በዚያ አገር መስፈር ከጀመሩ ገና ብዙ አልቆዩም ነበር። ወይዘሮ ርብቃም የእንጨት የቤት ዕቃ እየሠሩ ይተዳደሩ የነበሩትን አቶ ፍራንሲስ ነርስን አግብተው አራት ወንድና አራት ሴት ልጆች ወለዱ።

ባልና ሚስቱ ሀብታም አልነበሩም። በ1678 ግን ሳሌም መንደር በሚባለው ቀበሌ፣ ዛሬ ዳንቨርስ በተባለው ከተማ፣ 300 ኤከር የእርሻ መሬት ያዙ። ይህ በእኛ ልክ ሦስት ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። ዋጋው 400 ፓውንድ ሆኖ በ21 ዓመት ተከፍሎ እንዲያልቅ ተዋዋሉ። ልጆችና አማቾችም በአንድነት ጉልበታቸውን አፍስሰው መሬቱን አለሙት። እንግዲህ እናትየዋ በእርጅናቸው ዘመን በልጅ ልጅ ተከበው፣ በቤተ ክርስቲያንም ተከብረው የሚኖሩ ነበሩ።

በ1692 መጀመሪያ ግን በመንደሩ ጉድ ተነሣ። በሰበካው አገልጋይ በሳሙኤል ፓሪስ ቤት ያሉ ልጃገረዶች እየወደቁ ይንፈራገጡ ጀመር። ሕመሙ የጥንቆላ ነው ተባለ፤ ልጃገረዶቹም ጠንቋይ ያሉትን ሰው በስም ይጠሩ ጀመር። በመጀመሪያ የተጠሩት ድሆችና ደጋፊ የሌላቸው ሴቶች ነበሩ። በኋላ ግን ነገሩ ወደ ደህና ቤተሰብ ተሻገረ። ከከሳሾቹ መካከል ዋናው የፑትናም ቤተሰብ ሲሆን፣ ይህ ቤተሰብ ከጎረቤቱ ከቶፕስፊልድ ሰዎች ጋር፣ የወይዘሮ ርብቃ ዘመዶችም ካሉበት ወገን ጋር፣ በመሬት ወሰን ሲካሰስ የኖረ ነው። በእኛም አገር ሰው ቡዳ ነው ተብሎ ሲታማ ጎረቤት እንዴት እንደሚሸሸው እናውቃለንና ነገሩ አይጠፋንም።

በማርች 1692 ወይዘሮ ርብቃ ታመው ከአልጋ እንደዋሉ ተይዘው ታሰሩ። ዕድሜያቸው 71 ነበር፤ ጆሯቸውም በደንብ አይሰማም። ይሁን እንጂ ወደ 40 የሚጠጉ ጎረቤቶች እኝህን ሴት በመልካም ምግባር እንጂ በክፉ እንደማያውቋቸው ጽፈው ፈረሙ። በዚያ ወራት ለተከሰሰ ሰው መከራከር ራስን ለክስ ማዘጋጀት ነበር። የሚገርመው ደግሞ፣ ክሱን ካቀረቡት ከሁለቱ ሰዎች አንዱ፣ ጆናታን ፑትናም፣ ኋላ ከፈራሚዎቹ ጋር ስሙን ማኖሩ ነው።

ፍርዱ የታየው በጁን መጨረሻ ነው። ጁሪ የሚባሉት 12 ፈራጆች መክረው በመጀመሪያ ወይዘሮ ርብቃን ነፃ ለቀቁ። ወዲያው ከሳሾቹ ጮኹ። ዋናው ዳኛ ዊልያም ስቶተንም ወይዘሮ ርብቃ ስለ አንዲት ምስክር የተናገሩትን ቃል ፈራጆቹ እንደገና እንዲመረምሩ አሳሰቡ። ሴትዮዋ ከእሳቸው ጋር የታሰረች ስለነበረች ወይዘሮ ርብቃ ከእኛው ወገን ናት ማለታቸው ነበር፤ ችሎቱ ግን የጥንቆላ ጓደኛቸው እንደሆነች ያመኑ አስመሰለው። የጁሪው አለቃ የቃሉን ትርጉም ቢጠይቃቸው አልመለሱም። ጥያቄው አልተሰማቸውም ነበር፤ ይህንንም ኋላ በጽሑፍ አስረድተዋል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ዝምታቸው እንደ ጥፋተኝነት ተቆጥሮ ሞት ተፈረደባቸው።

አገረ ገዥው ዊልያም ፊፕስ ምሕረት ሰጥተው ነበር፤ ግን ተቃውሞ ስለተነሣ መልሰው ሻሩት። በጁላይ 3 ቀን ከሳሌም ቤተ ክርስቲያን ተወገዙ። በጁላይ 19 ቀን 1692 ከአራት ሌሎች ሴቶች ጋር ተሰቀሉ። በዚያ ዓመት በጠቅላላው 19 ሰዎች ተሰቅለዋል፤ ከእነሱም አንዷ የወይዘሮ ርብቃ እኅት ሜሪ ኢስቲ ናቸው።

ለተሰቀሉት የቀብር ሥርዓት አልተፈቀደም። ሬሳቸው እዚያው ድንጋያማ ሥፍራ በጥልቅ ባልተቆፈረ ጉድጓድ ይጣል ነበር። ከቤተሰቡ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው ግን፣ የወይዘሮ ርብቃ ልጆች በሌሊት ሄደው የእናታቸውን ሬሳ አውጥተው በገዛ እርሻቸው ላይ በምሥጢር ቀበሩ። ለቅሶ መቀመጥ የለም፤ ስም የተጻፈበት ድንጋይም የለም።

ልጆቹ ነገሩን በዚህ አልተዉትም። አባታቸው በ1695 ቢሞቱም የእናታቸውን ስም ለማስመለስ ይሟገቱ ነበር። ከከሳሾቹ አንዷ፣ አን ፑትናም፣ በ1706 በምእመናን ፊት ይቅርታ ስትለምን የወይዘሮ ርብቃን ስም ለይታ ጠራች። መንግሥት በ1711 ፍርዱን ሽሮ ለቤተሰቡ 25 ፓውንድ ካሣ ቆረጠ። ቤተ ክርስቲያንም በ1712 ውግዘቱን አነሣች።

ይሁንና መቃብሩ ምልክት ሳይኖረው ብዙ ዘመን አለፈ። በመጨረሻም የልጅ ልጆቻቸው ተሰባስበው የነርስ ቤተሰብ ማኅበርን አቋቋሙና በ1885 በዚያው በቤተሰቡ መቃብር የግራናይት ሐውልት አቆሙ። በ1892፣ ልክ በ200 ዓመቱ፣ ሁለተኛ ድንጋይ ጨመሩ። ይህኛው ለዘመድ የቆመ አይደለም፤ በክፉ ቀን ስለ ወይዘሮ ርብቃ የመሰከሩት የ40 ጎረቤቶች መታሰቢያ ነው። ከዚያም በ1907 የእርሻው አሮጌ ቤት ተገዝቶ በስማቸው በተቋቋመ ማኅበር ታደሰ፤ አሁን የሕዝብ መጎብኛ ነው። በ1992 ደግሞ በዚያው ዓመተ መከራ የተሰቀሉት የጆርጅ ጃኮብስ ናቸው የተባሉ አፅሞች በዚሁ መቃብር በክብር ዐረፉ። የስቅላቱ ሥፍራ በጥናት የተረጋገጠው በ2016 ነው፤ በማግሥቱ ዓመት የሳሌም ከተማ መታሰቢያ አቆመበት።

እኛ ከዚህ ሁሉ ታሪክ አብልጠን የምናስበው ሁለተኛውን ድንጋይ ነው። ቤተሰቡ የእናቱን ስም ብቻ ጽፎ ቢተው የሚወቅሰው አልነበረም። ነገር ግን ከ200 ዓመት በኋላ እንኳ የጎረቤት ውለታ አልተረሳም። ውለታው ሊከፈል የቻለውም የፈራሚዎቹ ስም በወረቀት ላይ ተጽፎ ስለቆየ ነው።

ስለዚህ ውድ አባላት፣ በዕድራችን መዝገብ ላይ የሟቾችን ሙሉ ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ የቀብሩንም ሥፍራ እያስተካከልን እናስጽፍ። የወላጆቻችንን መቃብር በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሄደን እንመንጥር። ከሁሉም በላይ ጎረቤታችን ያለ ጥፋቱ ሲታማ ዝም አንበል። የቀባሪ ወግ የሚጀምረው ሰውየው በሕይወት ሳለ ነውና።