የቻርልስ ዳርዊን የዘወትር ጕዞ

ሰውነቱን በእንቅስቃሴ ለማጽናት የሚነሣ ሰው ብዙ ነው፤ በጀመረው ሥራ ዓመት ከዓመት የሚጸና ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን ነበረ። ስለ ፍጥረታት አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ ስሙ በዓለም ሁሉ ስለ ተጠራ፥ የእግሩን ጕዞ የሚያስታውስለት ሰው እምብዛም አይገኝም።

ዳርዊን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 ዓ.ም. በሽሩዝበሪ ከተማ ከሐኪም አባት ተወለደ። በወጣትነቱ አደንና የፈረስ ግልቢያ የሚወድ ብርቱ ሰው ነበረ። ከ1831 እስከ 1836 ዓ.ም. ቢግል በምትባል መርከብ ዓለምን ሲዞር፥ በደቡብ አሜሪካ ሜዳና ተራራ ላይ ብዙ ቀን በፈረስ ተጕዟል። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ግን ጤና ራቀው። የልብ መምታት፥ የሆድ ሕመም፥ ትውከትና ራስ ምታት እየተፈራረቁ ያሠቃዩት ጀመር። የሕመሙ ምክንያት ምን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ድረስ አልተስማሙበትም።

በ1842 ዓ.ም. ከባለቤቱ ከኤማና ከልጆቹ ጋራ በኬንት አውራጃ ዳውን ወደምትባል መንደር ሄዶ ተቀመጠ። ከአራት ዓመት በኋላም ከጎረቤቱ ከሰር ጆን ላቦክ በአትክልቱ ዳርቻ ያለችውን ጠባብ መሬት ተከራየ፤ ዛፍ ተከለባት፤ ዙሪያዋንም አሸዋ የለበሰ መንገድ አወጣላት። ከዚህም የተነሣ ስሟ የአሸዋው መንገድ ተባለ።

ማለዳ ከቍርስ በፊት ጥቂት ይንሸራሸራል። ዋናው ጕዞው ግን እኩለ ቀን ሲሆን ነው፤ ዝናብም ቢሆን ፀሓይም ቢሆን ይወጣል። በኋለኛው ዘመን አስቀድሞ ተክሎቹን በመስተዋት ቤታቸው ጎብኝቶ፥ ብዙ ጊዜም ፖሊ የምትባለውን ነጭ ውሻውን አስከትሎ፥ ጫፉ ብረት የሆነውን ከዘራውን መሬት ላይ እየመታ ወደ አሸዋው መንገድ ይሄድ ነበረ። በፊተኛው ዘመን በየቀኑ የሚዞረው ዙር ቍጥሩ የተወሰነ ነበረ። ለዚህም የባልጩት ድንጋይ በመንገዱ ዳር ይከምርና፥ ባለፈ ቍጥር አንዱን በእግሩ ይገፋ ነበረ። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ትልቅ ብልኀት አለበት። በሐሳብ የተዋጠ ሰው ቍጥር ይስታል፤ የደከመውም ሰው ይበቃኛል ብሎ ራሱን ያታልላል፤ ድንጋዩ ግን አይስትም፥ አያታልልምም።

መንገዱም ደስታ የሌለበት አልነበረም። ልጆቹ የሚጫወቱት በዚያው ስለ ነበረ፥ አባታቸው በዞረ ጊዜ ጨዋታቸውን ቆሞ ያይላቸው ነበረ። አንድ ቀን እንዲያውም ዝም ብሎ በቆመበት የዛፍ ሽኮኮ ግልገሎች እግሩንና ጀርባውን እንደ ዛፍ ወጡበት፤ እናታቸውም ከዛፍ ላይ ሆና በጭንቀት ትጮኽ ነበረ ይባላል።

ዳርዊን ሌላ ፈውስ አልፈለገም ማለት አይደለም። በ1849 ዓ.ም. ማልቨርን ወደሚባለው ስፍራ ሄዶ፥ ዶክተር ጋሊ በቀዝቃዛ ውሃና በእግር ጕዞ በሚያክምበት ቤት ለብዙ ሳምንት ተቀመጠ፤ ጕልበቱም ታደሰለት። ቤቱ ከተመለሰ በኋላም ቀዝቃዛውን ውሃ አልተወም። ነገር ግን በ1851 ዓ.ም. የሚወዳት የ10 ዓመት ልጁ አኒ ለሕክምና ወደዚያው ስፍራ ተወስዳ በኤፕሪል 23 ቀን በዚያው ሞተች። የአባቷ ኀዘን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልጠፋም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ በዶክተር ቤንስ ጆንስ ምክር ቶሚ በሚባል ጭምት ፈረስ መቀመጥ ጀመረ። በ1869 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር ግን ፈረሱ ተሰናክሎ በላዩ ተንከባለለበትና ክፉኛ ጐዳው፤ ግልቢያውም በዚሁ ቀረ። የሐኪም ምክርና መልካም ፈረስ የሚያስፈልገው ሥራ ሲቀር፥ የአትክልቱን በር ከመክፈት በቀር ምንም የማይጠይቀው ጕዞ ጸና።

እርግጥ ነው፥ ጕዞው የተቋረጠበት ጊዜ ነበረ። በ1863 እና በ1864 ዓ.ም. መካከል ሕመሙ ጠንቶበት ብዙ ወራት ሥራውን ሁሉ ትቶ ተኝቷል። በተነሣ ጊዜ ግን ወደ አሸዋው መንገድ ተመለሰ። ሲያረጅም የድንጋዩን ቍጥር ትቶ፥ ጕልበቱ የፈቀደለትን ያኽል ብቻ ይዞር ጀመር፤ መቍጠር ቀረ እንጂ መውጣት አልቀረም። ይህ ሰው በዚህ ዓይነት ኑሮ፥ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ እየሠራ፥ በ1859 ዓ.ም. የታተመውን ታላቁን መጽሐፍና ሌሎች ብዙ መጻሕፍት ጽፏል።

በ1882 ዓ.ም. በማርች መጀመሪያ ከቤቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ብቻውን ሲንሸራሸር የልብ ሕመም ድንገት ያዘው። በብዙ ችግር ቤቱ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወደ አሸዋው መንገድ መድረስ አልቻለም። በኤፕሪል 19 ቀን በ73 ዓመቱ ዐረፈ፤ በሎንዶንም በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።