እንዶድና ቀንድ አውጣ፦ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ የሕይወት ታሪክ



በአፍሪዳር ሰፈር ከሚኽላላ ተማሪዎች ጋር ማታ ማታ ስንቀመጥ ደጋግመን የምንሰማው ቅሬታ አለ። ተማሪው የባዮሎጂውን ጥያቄ ሲጀምረው ሒሳብ ሆኖ ያገኘዋል፣ ሒሳቡን ሲጨርስ ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ይመጣበታል። ወላጆቹ ፊደል ስላልቆጠሩ ቤት ውስጥ የሚጠይቀው ሰው እንደሌለም ያምናል። እኛ ግን በዚህ በሁለተኛው ነገር አንስማማም። ለዚህም ነው ዛሬ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ታሪክ የመረጥነው። ሰውየው ከቤተ እስራኤል ወገን አይደሉም፤ ነገር ግን ታላቁን ግኝታቸውን ያገኙት እናቶቻችን በየወንዙ ዳር ሲሠሩት በኖሩት ሥራ ውስጥ ነው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ በ1930ዎቹ አጋማሽ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ አገር እንደምንቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል።) ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው ባልቲሞር ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ሙያቸው ጥገኛ ተሕዋስያን የሚያመጧቸውን በሽታዎች ማጥናት ነበር፤ ከእነዚህም ዋናው ቢልሃርዚያ ነው።

ስለ ቢልሃርዚያ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ይመለከተናል። በሽታውን የሚያመጣው ትንሽ ትል ሲሆን በአንጀትና በጉበት ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። እንቁላሉ ከሰው ሰገራ ጋር ወጥቶ ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ግን ሰውን በቀጥታ መያዝ አይችልም፤ መጀመሪያ አንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለበት። በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ተራብቶ በብዛት ይወጣና ውሃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ልብስ የምታጥብ ሴት፣ የሚዋኝ ልጅ፣ ከብት የሚያጠጣ እረኛ ሁሉ ይያዛሉ። በጊዜ ብዛት ጉበት ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል። የቤተ እስራኤል መንደሮች ለመንጻት ሲባል ከወንዝ ርቀው አይሠሩም ነበርና እኛም ከዚህ አላመለጥንም። በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል፣ በኋላም በ1991 ከአዲስ አበባ የመጡት ወገኖቻችን እዚህ ሲመረመሩ ትሉ በብዙዎች ላይ ተገኝቶ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ተሰጥቷቸዋል። ያኔ ሰገራ ለምን እንደተጠየቀ ሳይገባቸው አፍረው እንደነበር ዛሬም የሚያጫውቱን ሽማግሌዎች አሉ።

እንግዲህ በ1964 ፕሮፌሰር አክሊሉ በአድዋ ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። ብዙ ሰው አይቶ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን ከላይኛው ወንዝ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው አመጡና ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዷን አረፋ ትንሽ እንድትጨምርበት ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው፣ ደምተው ሞቱ። ትልቅ ላቦራቶሪ አልነበረም፤ አንድ ዕቃ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ጥያቄ ነበር።

እንዶድን የጎንደር እናቶች ጠንቅቀው ያውቁታል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ሲታሽ አረፋ ይሰጣል፣ ሸማን ያነጣል። ሳሙና ከገበያ በማይገዛበት ጊዜ ለሰንበት ልብስ የሚነጻው በእሱ ነበር። አረፋውን የሚሰጡት ሳፖኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆኑ ቀንድ አውጣውን የሚገድሉትም እነሱ ናቸው። በኋላ በአሜሪካ የተመራመሩ ኬሚስቶች ከመካከላቸው አንዱን ለሰውየው ክብር ለማቶክሲን ብለው ሰይመውታል። በእርግጥ እንዶድ ዓሣንም ይጎዳል፤ ሆኖም ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ፈርሶ ይጠፋል።

በ1966 ፕሮፌሰር አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ ደግሞ በአድዋ ከተማ ወንዞች ውስጥ እንዶድ እየጨመሩ ሞከሩ። ውጤቱን ተማሪዎቻችን እርሳስ ይዘው እንዲሠሩት እንወዳለን። ከሕዝቡ በበሽታው የተያዘው ከመቶ 63 የነበረው ወደ 33 ወረደ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 5 ዓመት በሆኑ ልጆች ግን ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። የመጀመሪያው ቅናሽ ወደ ግማሽ ይጠጋል፣ ሁለተኛው ከመቶ 86 ነው። አንድ መድኃኒት፣ አንድ ወንዝ፣ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? መልሱን የሚሰጠው ባዮሎጂው ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንጂ በሰው ደም ውስጥ ያለውን ትል አይገድልም። ትልልቆቹ ሰዎች አሮጌውን ትል ለዓመታት ይዘው ይቆያሉ፤ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለዱት ሕፃናት ግን ያገኙት የጸዳውን ወንዝ ነው። ስለዚህ ሥራው መሳካቱን የሚያሳየው የሕፃናቱ ቁጥር ነው። ጥሩ የፈተና ጥያቄ ይወጣዋል።

የገንዘቡ ጥያቄ ከዚህ የከበደ ሆነ። ቀንድ አውጣን የሚገድል የፋብሪካ ኬሚካል ነበረ፤ ግን በውጭ ምንዛሬ የሚገዛ ነው። እንዶድ በየአጥሩ ይበቅላል። ሆኖም ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለሰውና ለአካባቢ ደኅንነቱ በታወቁ ላቦራቶሪዎች ካልተረጋገጠ አንደግፍም አሉ፤ ለዚያ የሚሆን ላቦራቶሪም ገንዘብም ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ችግሩ የዕፅዋቱ ሳይሆን የአፍሪካ ሳይንቲስት ሥራ አለመታመኑ ነው ብለው በአደባባይ ተከራከሩ። በእኛ አስተያየት ከሞላ ጎደል ትክክል ነበሩ፤ ምንም እንኳ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ደኅንነቱ ይመርመር ማለት በራሱ ጥፋት ባይሆንም። የሚያሳዝነው ምርመራው ሃያ ዓመት ያህል መጠበቁ ነው። በመጨረሻ በካናዳ እርዳታ ተደርጎ በ1990 አካባቢ ውጤቱ መልካም ሆነ።

በዚህ መካከል የእርሻ ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከ1974 ጀምሮ አብረዋቸው ሠሩ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንዶድ ዓይነቶችን ከየቦታው ሰብስበው፣ አብቅለውና አወዳድረው ኃይለኛውን መረጡ፤ ቁጥር 44 ይባላል። የዚህ ሰው ትዕግሥት ብዙ አይነገርለትም፤ ያለ እሱ ግን እንዶድ ከአጥር ወደ ማሳ አይገባም ነበር። ፕሮፌሰር አክሊሉ ከኢትዮጵያ ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲሠሩ ቆዩ፤ በዩኒሴፍ ሥር ጣሊያን ፍሎረንስ ባለው የሕፃናት ጥናት ማዕከልም አገልግለዋል። በ1989 ሁለቱ ሰዎች በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

በ1990ዎቹ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ በሐይቆቻቸው የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል አይቶ ለዚህ አጠቃቀም ፓተንት አወጣ። ዕውቀቱ የአድዋ አጣቢዎች ነበር፤ ወረቀቱ ግን ባሕር ማዶ ተጻፈ። ዛሬ ቢልሃርዚያ በአብዛኛው የሚታከመው በክኒኑ ነው፣ እንዶድም እሳቸው እንደተመኙት በየአገሩ አልተስፋፋም። ክኒኑ የዋጠውን ሰው ያድናል እንጂ ወንዙን አያጸዳም፤ ያው ሰው ተመልሶ ውሃ ሲገባ እንደገና ይያዛል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በሚያዝያ 1997 አረፉ። በአዲስ አበባ የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።