ዣክ ኢቭ ኩስቶ፤ አየር አዝሎ ባሕር የገባው ሰው

በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በጎንደር ከተማ በፋሲል መዋኛ ውሃው ተባርኮ እንዳበቃ ጎረምሳው ሁሉ ከቅጥሩ ላይ እየዘለለ ይገባል። ከነዚያ ዋናተኞች ማንኛውም ቢሆን ከውሃው በታች የሚቆየው በደረቱ ይዞት የገባው ትንፋሽ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው። የሰው ልጅ በዚህ ወሰን ውስጥ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ወሰኑን ጥሰው ለተራው ሰው መንገድ ከከፈቱት መካከል ስሙ እጅግ የታወቀው ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ነው። ስለ ፊልሞቹና ስለ መርከቡ ብዙ ተነግሯል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን ባጭሩ ስንተርክ በተለይ የምንመለከተው ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈውን ነገር፣ ማለት የአየሩን ጋን ከጀርባው ጋር ያሰረበትን መታጠቂያ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩስቶ ሰኔ 11 ቀን 1910 በፈረንሳይ አገር ከቦርዶ ከተማ አጠገብ ሳንት አንድሬ ደ ኩብዛክ በምትባል ስፍራ ተወለደ። በ1930 ብሬስት ከሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ምኞቱ ግን አውሮፕላን አብራሪ መሆን ነበር። ትምህርቱን በመከታተል ላይ ሳለ በ1936 የመኪና አደጋ ደርሶበት ክንዶቹ ክፉኛ ተጎዱ፤ የመብረር ተስፋውም በዚያው ተቋረጠ። ክንዶቹ እንዲጠነክሩለት በቱሎን አጠገብ በባሕር መዋኘት ጀመረ። በዚያው ዓመት ፊሊፕ ታዬ የተባለ የባሕር ኃይል ጓደኛው የውሃ መነጽር አስለመደው። ኩስቶ ፊቱን ወደ ውሃ ዝቅ አድርጎ ዓሣውንና አለቱን ጥርት አድርጎ ባየ ጊዜ የቀረው ዕድሜው በምን ላይ እንደሚውል ታወቀው። በ1937 ሲሞን ሜልሺዮርን አገባ። ፍሬዴሪክ ዱማ የተባለ ብርቱ ጠላቂ ሲጨመር ኩስቶ፣ ታዬና ዱማ የማይለያዩ ሦስት ጓደኛሞች ሆኑ።

የመጀመሪያው ሙከራው ሊገድለው ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ንጹሕ ኦክሲጅን በሚያስተነፍስ መሣሪያ ጠለቀ። ንጹሕ ኦክሲጅን ከጥቂት ሜትር በታች በግፊት ምክንያት መርዝ እንደሚሆን በዚያን ጊዜ በሚገባ አልታወቀም ነበር። 14 ሜትር ያህል እንደ ወረደ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ጀርባው እንደ ደጋን ወደ ኋላ ተለመጠ። ራሱን ከመሳቱ በፊት ግን የእርሳስ ክብደቱን የያዘውን ቀበቶ ፈትቶ ጣለ፤ ሰውነቱም ወደ ላይ ተንሳፈፈና ጀልባ ላይ የነበሩት ሰዎች አነሱት። መሣሪያውን አሻሽሎ ሁለተኛ ቢሞክር ያው ደረሰበት። በዚህኛው ጊዜ ቀበቶውን መጣሉን እንኳ አላስታወሰውም፤ እጁ ያለ አእምሮው ትእዛዝ ሥራውን ሠርቶ ነበር። ያ ዘለበት ቢጠብቅ ወይም ቢጠላለፍ ኖሮ የኩስቶ ታሪክ በዚያው ያበቃ ነበር።

ጦርነቱ ፈረንሳይን በያዛት ዘመን፣ በ1942 መጨረሻ፣ ኩስቶ ፓሪስ ሄዶ ኤር ሊኪድ በተባለው ኩባንያ የሚሠራውን መሐንዲስ ኤሚል ጋኛንን አገኘ። በዚያን ጊዜ ቤንዚን ስላልነበረ ጋኛን መኪና በጋዝ እንዲሄድ የሚያደርግ መመጠኛ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ይህንኑ መመጠኛ ለሰው ሳንባ እንዲስማማ አደረጉት። እርግጥ ነው፣ ሩኬሮልና ደናይሩዝ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1860ዎቹ ተመሳሳይ አሳብ በሥራ አውለው ነበር፤ በእነርሱ ዘመን ግን ብዙ አየር አምቆ የሚይዝ ብርቱ ጋን አልነበረም።

በ1943 መጀመሪያ ኩስቶ በፓሪስ አቅራቢያ በማርን ወንዝ ገብቶ መሣሪያውን ፈተነው። በአግድም ሲዋኝ መልካም ተነፈሰ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አየሩ በከንቱ እየፈሰሰ ወጣ፤ ራሱን ወደ ታች ሲዘቀዝቅ ደግሞ መተንፈስ አስቸገረው። ምክንያቱ የአየሩ መውጫ ከመግቢያው ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ መሠራቱ ነበር። የውሃ ግፊት በየከፍታው ይለያያልና፣ ይህች ትንሽ ልዩነት ሚዛኑን አፋለሰችው። መውጫውንና መግቢያውን አጠገብ ለአጠገብ ቢያደርጉት ችግሩ ተወገደ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለመታጠቂያውም ይሠራል። በዚያ ዘመን መመጠኛው የሚቀመጠው ጀርባ ላይ፣ በትከሻ አጥንቶች መካከል ነበር። ማንገቻው ላልቶ ጋኑ ከጀርባ ከራቀ ወይም ወደ ታች ከተንሸራተተ፣ መመጠኛው ከሳንባው ደረጃ ይወጣና ትንፋሽ ይከብዳል። ስለዚህ ኩስቶና ጓደኞቹ ጋኖቹን በትከሻ፣ በወገብና በእግሮች መካከል በሚያልፉ ማሰሪያዎች አጥብቀው ከሰውነታቸው ጋር አንድ ያደርጓቸው ነበር። በሰኔ 1943 አዲሱ መሣሪያ በባቡር ባንዶል ደረሰ። ኩስቶ ከባሕሩ ሲገባ ሲሞን በላይ እየዋኘች ትጠብቀው ነበር። ተገለበጠ፣ ተዘቀዘቀ፣ ተሽከረከረ፤ ትንፋሹ አልተለወጠም። አኳሉንግ የተባለው መሣሪያ ተወለደ።

በዳባትና በደባርቅ መንገድ እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ዳገት ስትወጣ ያየ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸግረውም። ልጁን ከፍ አድርጋ ከጀርባዋ ጋር ታጣብቀዋለች። ማሰሪያው ቢላላ ልጁ ወደ ታች ይንሸራተትና እሷን ወደ ኋላ ይጎትታታል፤ ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ትንፋሿን ይይዛል። ወደ ስሜን ተራራዎች በቅሎ የሚጭን ሰውም ጥቂት እንደ ተጓዘ ቆም ብሎ መጫኛውን እንደገና ያጠብቃል፤ ጭነት በጉዞ ላይ ይረጋልና።

ከ1970ዎቹ ወዲህ በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ የውሃ ውስጥ ዋሻዎች የሚጠልቁ ሰዎች ያስፋፉት መታጠቂያም ከዚህ አሳብ አይርቅም። ጀርባ ላይ የሚያርፍ ጠፍጣፋ ብረት አለው፤ በብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ 5 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠንካራ የናይሎን ጥብጣብ ይሾልክና ማንገቻም ቀበቶም ይሆናል። ጀማሪ ሲያስተካክለው አስቀድሞ የሚጠልቅበትን ልብስ ይልበስ፤ የልብሱ ውፍረት ልኩን ይለውጠዋልና። የብረቱ የላይኛው ጠርዝ ከማጅራት አጥንት ጥቂት ዝቅ ይበል፤ እጁን ወደ ኋላ ቢልክ በጣቱ ሊነካው ይገባል። በማንገቻውና በደረቱ መካከል መዳፉ ተዘርግቶ ይግባ። የደረቱ ቀለበቶች አንዱ እጅ ሌላው ትከሻ ዘንድ ተሻግሮ ሳይቸገር በሚይዛቸው ቦታ ይሁኑ። የወገቡ ዘለበት ከመካከል ጥቂት ወደ ቀኝ ይዋል፤ ቀኝ እጅ በአንድ ጊዜ እንዲከፍተው። በእግሮች መካከል የሚያልፈው ጥብጣብ ብረቱ ወደ ራስ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ ነገር ግን ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ሲነሣ ሊቆርጠው አይገባም። ትርፉን ጥብጣብ ለመቁረጥ አይቸኩል፤ አሠልጣኝ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ደጋግሞ ፈትኖ እንደገና ካስተካከለ በኋላ ይቁረጠው፤ ጫፉም እንዳይተረተር በእሳት ይለብለበው። ከሁሉም በላይ ብቻውን መልበስንና ብቻውን ማውለቅን ይልመድ።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በነሐሴ 1946 ኩስቶና ዱማ በቮክሉዝ ምንጭ ውስጥ ጠለቁ። ሞሪስ ፋርግ የተባለው ባልደረባቸው ከላይ ሆኖ የገመዱን ጫፍ ይዞ ነበር። የጋናቸው አየር ከመሙያው ሞተር በወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዞ ስለ ነበር በጨለማው ውስጥ አእምሯቸው ደነዘዘ። ኩስቶ ገመዱን ይዞ ለመውጣት ሲጎትት ፋርግ ተጨማሪ ገመድ የጠየቁት መስሎት ይለቅለት ጀመር። በመጨረሻ ግን ነገሩ አላምር ስላለው ስቦ አወጣቸው፤ ሁለቱም ዳኑ። በሚቀጥለው ዓመት በመስከረም ፋርግ ራሱ የጥልቀት ሙከራ ሲያደርግ 120 ሜትር ደርሶ ሞተ። ስበው ሲያወጡት የመተንፈሻው አፍ ከአፉ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ነበር። ከጥልቀት የሚመጣው ስካር የትኛውም ማሰሪያ የማይከለክለው አደጋ መሆኑን ጓደኞቹ በሞቱ ተማሩ።

በ1950 ኩስቶ ካሊፕሶ የተባለችውን የቀድሞ ፈንጂ ጠራጊ መርከብ አገኘ። የመጀመሪያ ታላቅ ጉዞዋም በ1951 ወደ ጎረቤታችን ቀይ ባሕር ነበር። በ1953 የዝምታው ዓለም የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚሁ ስም የተሠራው ፊልም በ1956 በካን ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። በ1963 በሱዳን ጠረፍ፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ በ10 ሜትር ጥልቀት ቤት ሠርቶ ሰዎች አንድ ወር እንዲኖሩበት አደረገ።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የ1968ቱ ጉዞ ነው። ባልደረቦቹ በደቡብ አሜሪካ ከባሕር ወለል 3,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኘው የቲቲካካ ሐይቅ ጠለቁ። በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት ያነሰ ስለ ሆነ ጠላቂው ከጥልቀት ሲወጣ በደሙ ውስጥ የተሟሟው ናይትሮጅን ይበልጥ በቀላሉ አረፋ ይሆናል። 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጣናም ቢሆን ያው ነው። በባሕር ዳርቻ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው 10 ሜትር ሲወርዱ ሲሆን፣ በጣና ግን 8 ሜትር ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ለባሕር የተዘጋጀውን የመውጫ ሠንጠረዥ እንዳለ ወደ ጣና የሚያመጣ ሰው ራሱን ያታልላል።

የኩስቶ ሕይወት እንከን አልባ አልነበረም። በዝነኛው ፊልሙ ባልደረቦቹ ሻርኮችን ሲጨፈጭፉ ይታያሉ፤ ዓሣ ለመቁጠርም ድማሚት አፈንድተዋል። በኋላ ግን አስተያየቱን ለወጠ። በ1960 ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ በሜድትራኒያን ባሕር እንዳይጣል ተሟገተ፤ በ1973 ባሕርን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋመ። ኀዘንም አልቀረለትም። ልጁ ፊሊፕ በ1979 በሊዝበን በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ሲሞን በ1990 አረፈች፤ ካሊፕሶም በ1996 በሲንጋፖር ወደብ ሰጠመች። እርሱ ራሱ ሰኔ 25 ቀን 1997 በ87 ዓመቱ ፓሪስ ላይ አርፎ በተወለደበት ስፍራ ተቀበረ።

ኩስቶ ያን ሁሉ ዓመት የኖረው በወጣትነቱ አንድ ቀበቶ በሰዓቱ ስለ ተፈታለት መሆኑን አንርሳ። ከመካከላችን የጣናን ወይም የባሕርን ሕይወት ለመመርመር ጠላቂ የሚሆን ጓደኛ ቢኖር፣ መታጠቂያውን በልኩ አጥብቆ ይሠር። ውሃ ከመግባቱ በፊት ግን በደረቅ መሬት ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንድ እጁ ይፍታው። እጁ ይህን ካላወቀ ገና አልታጠቀም ማለት ነው።