ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ንጉሥ በሌለበት አገር

የመንግሥትን ዓይነት የሚያስተምሩ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ከአቴናና ከሮማ ይነሡና ወደ እንግሊዝ ፓርላማ ይሻገራሉ። እኛ ግን ዛሬ የምናወሳቸው ሰው ሦስት ዓይነት አገዛዝ በአንድ ዓመት ውስጥ በቅርብ ያዩ የአገራችን የጦር አለቃ ናቸው፤ እኒህም ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ናቸው። ያዩትን ሁሉ አስተውለውት ነበርን? እኛ እንጠራጠራለን። ነገሩ ግን በጂንካና በኦሞ ዙሪያ ለሚሠራ ወጣት ሹም ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ ታሪካቸውን ባጭሩ እንመለከታለን።

ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የዳግማዊ ምኒልክ የአክስት ልጅ ነበሩ። ያደጉት በሸዋ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ነው፤ በዚያ ሥርዓት ሹመትም መሬትም ፍርድም ከንጉሠ ነገሥቱ ይወርዳል፤ ራሱም በተሾመበት አገር ዳኛ፣ ግብር ሰብሳቢና የጦር አዛዥ ሆኖ ይቀመጣል። በደቡብ ምዕራብ ግዛት ተሰጥቷቸው ሳሉ በ1889 ዓ.ም. ከሌሎች መኳንንት ጋር በከፋ ላይ ዘመቱ።

ከፋ ጥንታዊ መንግሥት ነበረ። ንጉሡ ታቶ ይባላል፤ ክብሩም እጅግ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ከጐኑ ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩ፤ እነርሱም የንጉሡን ሥልጣን ይገድባሉ፤ ንጉሥ ሲሞት ተተኪውን ይመርጣሉ። እንግዲህ አንባቢያችን ልብ ይበል፤ ድል የተነሣው ንጉሥ በምክር ቤት የታሰረ ሲሆን፣ ድል ያደረጉት ራስ ግን በግዛታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ምክር ቤት አልነበረባቸውም። ታቶ ጋኪ ሼሮቾ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ፤ ከፋም ለራስ ወልደ ጊዮርጊስ ተሰጠች።

በዚያው ዓመት ምኒልክ ሌላ ትእዛዝ ሰጡ። እንግሊዞች ከዩጋንዳ በኩል ይገፉ ስለ ነበረ፣ የኢትዮጵያ ባንዲራ ከእነርሱ አስቀድሞ ከሩዶልፍ ሐይቅ ዳር (ዛሬ ቱርካና ከሚባለው) እንዲተከል ፈለጉ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከአንድራቻ ተነሥተው ወደ ደቡብ ወረዱ። ቡላቶቪች የሚባል የሩሲያ መኰንን አብሯቸው ነበረ፤ ስለ ዘመቻው የጻፈውም መጽሐፍ በ1900 እ.ኤ.አ. ታተመ። መንገዱ ከደጋው ጫካ ወደ ቆላው በረሃ የሚወርድ ነበረ፤ ብዙ ወታደር በረኀብና በበሽታ አለቀ፤ የአገሬውም ከብት ተነዳ፤ ሰውም ተገደለ። በበልጉ ወራት ግን ከኦሞ መጨረሻ ደርሰው ባንዲራውን ተከሉ።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። ራሱ እስከዚያ በሄዱበት አገር ሁሉ የሚገብር አንድ ሰው ያገኙ ነበር፤ ንጉሥ ቢሆን፣ ባላባት ቢሆን። በኦሞ ዳር ግን እንዲህ ያለ አንድ ሰው የለም። የሌለው ግን ንጉሥ እንጂ ሥርዓት አልነበረም። ዳሰነችና ኛንጋቶም የሚተዳደሩት በዕድሜና በትውልድ ቡድን ነው፤ ኛንጋቶም እያንዳንዱን ትውልድ በስም፣ ለምሳሌ ዝሆን ወይም ሰጎን እያለ ይጠራዋል፤ አባቶች ሆነው የተቀመጡት አገሩን ይጠብቃሉ፤ ጊዜው ሲደርስ ለተከታዮቹ ይለቃሉ። ከወንዙ ወዲህ ማዶ፣ ራሱ ባልዘመቱበት በኩል፣ ሙርሲዎች ኮሞሩ የሚባል ካህን አላቸው፤ እርሱ ግን ይባርካል እንጂ አያዝም፤ የአገር ጉዳይ የሚቆረጠው ወንዶቹ ተሰብስበው አንዱ ከሌላው ተከትሎ እየተነሣ ሲናገር ነው። የሐመር ሁለት ቢታዎችም ለዝናብና ለግጦሽ ይመርቃሉ፤ በሰው ላይ ግን አይሾሙም።

በጂንካ ዙሪያ ያሉት አሪዎች ግን ከእነዚህ ይለያሉ። እነርሱ በየአገራቸው ባቢ የሚባል በዘር የሚወርስ ገዥ ነበራቸው። ስለዚህ የመንግሥት ሹም ወደ አሪ ሲመጣ የሚይዘው እጅ አገኘ፤ ባቢው ባላባት ተባለ፤ ሕዝቡም ለነፍጠኛው ገባር ሆኖ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ከባድ ቀንበር ተሸከመ። ንጉሥ ያልነበራቸው የቆላው ሰዎች ከዚህ ዓይነቱ ገባርነት በብዙው ሲተርፉ፣ በምትኩ መንግሥት በየጊዜው የሚመጣ ዘመቻ እንጂ ዳኛ ሆኖ አልታያቸውም። ከሁለቱ የቱ ይከፋል ለማለት እንቸገራለን።

በ1940 እ.ኤ.አ. ፎርቴስና ኤቫንስ ፕሪቻርድ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት የአፍሪካን አገዛዝ መንግሥት ያለውና የሌለው ብለው ከፈሉት። ለተማሪ የሚመች ክፍፍል ነው፤ ለእኛ ግን ከፋን፣ አሪንና ሙርሲን አጠገብ ለአጠገብ ማየቱ የበለጠ ያስተምረናል።

ባንዲራው ከተተከለ በኋላ ሠራዊቱ ወደ ደጋ ተመለሰ። በ1907 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ወሰኑ በሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ በኩል አለፈ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ለብዙ ዓመታት ገዙ፤ በእርሳቸው ዘመንና ከእርሳቸው በኋላ አገሩ በጦር፣ በገባርነትና በባሪያ ንግድ ሰዉ እያለቀ ሄደ፤ ይህን ሳንጠቅስ ብናልፍ ታሪክ አልነገርንም። ኋላ ወደ በጌምድር ተዛወሩ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በ1909 ዓ.ም. የጎንደር ንጉሥ ተባሉ፤ ከነገሡም ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዐረፉ። ከዙፋናቸው ያወረዷቸው ታቶ ጋኪ ሼሮቾ ያን ጊዜ ገና በአዲስ አበባ በግዞት በሕይወት ነበሩ።