ዣን ቦዳን እና የሉዓላዊነት ገደብ

ለሉዓላዊነት ዘመናዊ ትርጉም የሰጠው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ቦዳን የተወለደው በአንዤ ከተማ ነው። በ1572 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የጀመረው የፕሮቴስታንቶች ጭፍጨፋ አገሪቱን ባናወጠበት ዘመን፣ በ1576 ባሳተመው «ስድስቱ የሪፐብሊክ መጻሕፍት» ሉዓላዊነትን ፍጹምና ዘላቂ ሥልጣን አድርጎ በየነው። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት መጨረሻ በብሉዋ በተከፈተው ጉባኤ የሦስተኛው መደብ እንደራሴ ሆኖ ሲቀርብ፣ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ የዘውዱን ርስት ለመሸጥ ያቀረበውን ጥያቄ በመቃወሙ የንጉሡን ሞገስ አጣ።

አቋሙ ከመጽሐፉ ጋር አይጋጭም። በቦዳን እምነት ሉዓላዊው ከራሱ ሕግ በላይ ቢሆንም ከመለኮታዊና ከተፈጥሮ ሕግ በታች ነው፤ የዘውዱ ርስትም የመንግሥቱ እንጂ የንጉሡ የግል ሀብት አይደለም። በ1596 በወረርሽኝ አረፈ። ስለ ሉዓላዊነት ገደብ ዛሬም የሚካሄደው የፖለቲካ ፍልስፍና ክርክር፣ ፍጹም ሥልጣን ማለት ገደብ የለሽ ሥልጣን ማለት አለመሆኑን ከብሉዋው እንደራሴ ሊማር ይችላል።