አኒ ኦክሊ፡ ባሩዷን በቀሚስ ስር ያሻገረችው ተኳሽ

ስለ ጥሩ ተኳሽ ሲወራ ብዙዎቻችን የምናነሳው ዓይኑንና ጠመንጃውን ነው። ጠመንጃው ምን እንደጎረሰ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አሜሪካዊቷ አኒ ኦክሊ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ይህንኑ ስትጠይቅ ነው የኖረችው።

አኒ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 13 ቀን 1860 በኦሃዮ ግዛት፣ ዳርክ በምትባል የገጠር ወረዳ ተወለደች። በ1866 አባቷ ሲሞቱ ቤቱ ባዶ ቀረ። እናቷ ልጆቹን ማብላት ስላቃታቸው አኒ ወደ ድሆች መጠለያ፣ ከዚያም ሰው ቤት እንድታገለግል ተላከች። በደሉ ሲበዛባት አምልጣ ወደ እናቷ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን ያበላው የአባቷ አሮጌ ጠመንጃ ነው። የዚያን ጊዜው ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ ሲሆን ባሩዱንም የእርሳስ ፍሬውንም ለክቶ የሚጨምረው ተኳሹ ራሱ ነው። ታዲያ ልክ መሳት ዋጋ ያስከፍላል። ባሩዱ ከበዛ ፍሬዎቹ ይበታተናሉ፣ ትከሻም ይመታል። ካነሰ ወፏ ቆስላ ታመልጣለች። ፍሬውም እንደ ወፉ ነው፤ ለድርጭት ደቃቁ፣ ቱርኪን ለመሰለ ትልቅ ወፍ ወፈር ያለው ይመረጣል። ለደሃ ልጅ ደግሞ የባከነ ባሩድ ማለት የባከነ እራት ነው።

ያደነችውን ግሪንቪል ከተማ ላለ ነጋዴ ትሸጣለች። ወፎቹን ጭንቅላታቸውን ስለምትመታ ሥጋው ውስጥ ጥርስ የሚሰብር እርሳስ አይገኝም ነበር ይባላል። በ15 ዓመቷ የእናቷን ቤት ዕዳ የከፈለችው በዚሁ ገንዘብ እንደሆነም ይነገራል።

ኋላ ፍራንክ በትለር ከሚባል ስመ ጥር ተኳሽ ጋር ገጠመች። እሱ አንድ ሳተ፣ እሷ ምንም አልሳተችም። ተሸናፊው ባሏ ሆነ፤ ቆይቶም የራሱን ተኩስ ትቶ የእሷ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። በ1885 የቡፋሎ ቢልን ትርኢት ተቀላቀሉ።

በ1887 ለንደን ላይ ግን ጉድ ሆነች። ፈጣኖቹን የእንግሊዝ ርግቦች ስትሞክር ከ20 የመታችው 5 ብቻ ነው። አላኮረፈችም። ቻርልስ ላንካስተር የተባለ ጠመንጃ ሠሪ የያዘችው ጠመንጃ እንደከበዳት ነግሯት፣ ለቁመናዋ የተለካ ቀለል ያለ ሠራላት። ቁመቷ እኮ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው! ከዚያ በኋላ ተኩሷ ተስተካከለ።

በ1889 ፓሪስ ሲሄዱ ሌላ ችግር መጣ። ፈረንሳይ የውጭ ባሩድ አታስገባም። አኒ ደግሞ የለመደችው የእንግሊዙን ነው፤ በማታውቀው ባሩድ በሺህ ሰው ፊት መቆም አልፈለገችም። ኋላ ራሷ እንደተረከችው፣ ባሩዱ ሙቅ ውሃ በሚያዝበት የላስቲክ ከረጢት ተሞልቶ በሴቶች ቀሚስ ስር ተደብቆ ገባ። የፓሪስ ሕዝብም ወደዳት።

በ1914 ስለተጠቀመችባቸው ባሩዶች ትንሽ ጽሑፍ አሳተመች። በ1922፣ 60 ዓመት ካለፋት በኋላ፣ ከ15 ሜትር ገደማ ላይ 100 የሸክላ ዒላማዎችን በተከታታይ መታች። በዚያው ዓመት የመኪና አደጋ ክፉኛ ቢጎዳትም ብረት በታሰረ እግሯ ተመልሳ ተኮሰች።

አኒ ኖቬምበር 3 ቀን 1926 ግሪንቪል ውስጥ አረፈች፤ ያቺው በልጅነቷ ድርጭት ይዛ የምትመላለስባት ከተማ። በትለርም ከ18 ቀን በኋላ ተከተላት።